በሒሳብ ሙዚቃ ይጻፋል ወይ? የያኒስ ዜናኪስ ነገር

ስለ ያኒስ ዜናኪስ ወሬ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠራው ሒሳብ ነው። በፕሮባቢሊቲ (በዕድል ስሌት) ቀመር ሙዚቃ የጻፈ፣ ኮምፒውተር አንድ ክፍል በሚሞላበት ዘመን በኮምፒውተር አስልቶ ለሙዚቀኞች ኖታ ያወጣ፣ መሐንዲስ፣ አርክቴክት፣ ግሪካዊ። ሁሉም ልክ ነው። ግን ይሄን የሰማ ሰው ሙዚቃውን ሳይከፍት ይፈርዳል። «ደረቅ ነገር መሆን አለበት» ይላል። ከዚያ አንድ ቀን አንዱን ሥራ ይሰማና ግራ ይጋባል። የሚሰማው ጩኸት ነው፣ ግርግር ነው፣ አንዳንዴ ጭራሽ የሚያስፈራ ነገር ነው። ደረቅ የሚባል ነገር የለበትም።

እኔ እንደሚገባኝ ሰው ነገሩን ገልብጦ ነው የያዘው። ዜናኪስ ከሒሳብ ተነስቶ ወደ ድምፅ አልሄደም። በወጣትነቱ አቴንስ ውስጥ የሰማው ድምፅ ነበር። ያንን ወረቀት ላይ የሚያሰፍርበት መንገድ ሲያጣ ነው ወደ ሒሳብ የዞረው። ይሄን ቅደም ተከተል ከያዛችሁ የቀረው አይከብድም። ስለዚህ ከሕይወቱ እንጀምር። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የተወለደው ሩማንያ ውስጥ፣ ዳኑቤ ወንዝ ዳር ባለችው ብራይላ ከተማ ነው። ወላጆቹ ግሪኮች ናቸው። 1922 ነው የሚለው ይበዛል፣ 1921 የሚልም አለ። እናቱ ፒያኖ ትጫወት ነበር፤ አምስት ዓመት ሲሆነው ሞተችበት። አሥር ዓመት ገደማ ሲሆነው ስፔትሴስ በምትባል የግሪክ ደሴት ወዳለ አዳሪ ትምህርት ቤት ተላከ። በ1938 ፖሊቴክኒክ ለመግባት ሊዘጋጅ አቴንስ ሄደ። በ1940 ፈተናውን አለፈ። ወዲያው ኦክቶበር 28 ላይ የሙሶሊኒ ጦር በአልባኒያ በኩል ግሪክን ወረረ። ያው አዲስ አበባን ከአራት ዓመት በፊት የያዘው ሙሶሊኒ።

ግሪኮች ጣልያንን ገፍተው መለሱት። በ1941 ግን ጀርመን መጣ፣ አገሩም ተያዘ። የዚያ ዓመት መጨረሻ ረሃብ ገባ፤ አቴንስ ውስጥ ሰው መንገድ ላይ እየወደቀ ይሞት ነበር። ፖሊቴክኒኩ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ እንደገና ይዘጋል። ዜናኪስም እንደ ብዙ የዕድሜ እኩዮቹ ከግራዎቹ የተቃውሞ ንቅናቄ ጋር ሆነ። ሰልፍ ይወጣል፣ ይታሰራል፣ ይፈታል፣ ተመልሶ ይወጣል።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ምክንያቱም የነገሩ ሁሉ ሥር እዚህ ነው። ዜናኪስ በ1963 ባሳተመው የንድፈ ሐሳብ መጽሐፍ ውስጥ፣ በቀመርና በሠንጠረዥ መሐል፣ ስለ ሰልፍ ድምፅ የሚያወራበት ቦታ አለ። በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ አንድ መፈክር በአንድ ምት ያሰማል። ከፊት የተነሳው ድምፅ እንደ ማዕበል ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ሌላ መፈክር ይነሳል፣ እሱም ይከተላል። ከዚያ ሰልፉ ከጠላት ጋር ይጋጠማል። የመፈክሩ ምት ይሰበራል። ያ አንድ የነበረው ድምፅ በሺህ የሚቆጠር የተበታተነ ጩኸት ይሆናል፣ በመሐሉ መትረየስ ይገባል፣ የጥይት ፉጨት ይሰማል። ከዚያ ሁሉም ይበተንና ዝምታ ይሆናል። ዜናኪስ ይሄን ሲጽፍ ሰቆቃውን ለመተረክ አይደለም። የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ ሥርዓት ያለው ድምፅ እንዴት ወደ ትርምስ ይቀየራል? መቀየሩ የራሱ ሕግ አለው ወይ? እንደዛ ዓይነት ነገር እየሰማ ስለ ሕግ የሚያስብ ሰው ይገርመኛል፣ ግን ሰውየው እንደዛ ነው።

ጀርመኖች በ1944 ወጡ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ደግሞ በእንግሊዝ ጦርና በግራዎቹ ታጣቂዎች መካከል አቴንስ ውስጥ ውጊያ ተነሳ። ትናንት በጀርመን ላይ አብረው የነበሩ ናቸው። ዜናኪስ በሎርድ ባይሮን ስም በተሰየመ የተማሪዎች ክፍል ውስጥ ነበር። በ1945 መባቻ ላይ የእንግሊዝ ታንክ የተኮሰው ጥይት የነበሩበትን ሕንፃ መታው። አብረውት የነበሩ ሞቱ። የእሱ ግራ ዓይኑ ጠፋ፣ መንጋጋው ተሰበረ። ሞቷል ተብሎ ነበር። በፎቶዎቹ ላይ ብዙውን ጊዜ በቀኝ ጎኑ የምታዩት በዚህ ምክንያት ነው።

ተረፈና ተመልሶ ምህንድስናውን ጨረሰ። የመመረቂያ ጽሑፉ ስለ አርማታ ነበር። ግን የቀድሞ ታጋዮች እየታደኑ ወደ እስር ደሴቶች የሚላኩበት ጊዜ ስለነበር መጥፋት ነበረበት። በሐሰት ፓስፖርት ጣልያን ገባ፣ ከዚያ በ1947 መጨረሻ ፓሪስ ደረሰ። አገሩ በሌለበት ሞት ፈረደችበት። ፍርዱ በኋላ ወደ አሥር ዓመት እስር ቢወርድም እስከ 1974 ድረስ ግሪክን አላያትም። በቃለ መጠይቅ ሲናገር፣ የታገለላትን አገር ጥሎ መሄዱ ለዓመታት ሲያሰቃየው እንደኖረ፣ በሕይወት የመቆየት መብቱን መልሶ ለማግኘት አንድ ትልቅ ነገር መሥራት እንዳለበት ይሰማው እንደነበር ይገልጻል።

ፓሪስ ውስጥ እንጀራ መብያ ያገኘው በዝነኛው አርክቴክት በለ ኮርቡዚየ ቢሮ ነው። መጀመሪያ አርማታ የሚያሰላ መሐንዲስ ነበር፤ ማርሴይ ላለው ትልቁ የመኖሪያ ሕንፃ ሠርቷል። ቆይቶ ራሱ ይነድፍ ጀመር። ቀን ሕንፃ፣ ማታ ሙዚቃ።

ችግሩ ሙዚቃ በወጉ አልተማረም። አስተማሪ ፍለጋ ዞረ። የሙዚቃ ደራሲው አርተር ኦኔገር ጋር የጻፈውን ይዞ ቀረበ። ኦኔገር እዚህ ትይዩ ኩዊንት አለ፣ እዚህ ትይዩ ኦክታቭ አለ ብሎ አረመው፤ ሁለት ድምፆች ርቀታቸውን ጠብቀው አብረው የሚሄዱበት አካሄድ ነው፣ በትምህርት ቤት ሕግ የተከለከለ። ዜናኪስ «እኔ ግን ደስ ይሉኛል» አለ። ትምህርቱ እዚያው ላይ አበቃ። በመጨረሻ ኦሊቪየ ሜሲያን ጋር ደረሰ። ሜሲያን ጥብቅ ካቶሊክ፣ የወፍ ድምፅ በኖታ የሚጽፍ፣ በዘመኑ ትልቁ አስተማሪ የነበረ ሰው ነው። ሁሉን ከሥር ልጀምር ወይ ሲለው፣ አይሆንም አለው። ሠላሳ ሊሞላህ ነው፣ ግሪካዊ ነህ፣ አርክቴክት ነህ፣ ከፍተኛ ሒሳብ ተምረሃል፣ እነዚህን ወስደህ በሙዚቃህ ውስጥ ተጠቀምባቸው አለው። ሜሲያን ራሱ በኋላ እንደተናገረው፣ ለሌላ ለማንም እንዲህ ዓይነት ምክር አልሰጠም። አንድ አስተማሪ ከሚሰጠው ሁሉ ይሄ ይበልጥብኛል፤ ለተማሪው «የጎደለህ የለም» ማለት ነው።

በዚያን ጊዜ የአውሮፓ ወጣት ደራሲዎች የተያዙት በሴሪያል ሙዚቃ ነበር። ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። አሥራ ሁለቱን ኖታዎች በአንድ ተራ ትደረድራላችሁ፣ ተራው ሳይዛነፍ ይሄዳል። ከጦርነቱ በኋላ እነ ፒየር ቡሌዝ የኖታውን ርዝመት፣ ጉልበቱንም ጭምር በተራ አሰሩት። ወረቀት ላይ እያንዳንዷ ኖታ ምክንያት አላት። ዜናኪስ በ1955 አንድ ጽሑፍ አወጣና ያልተባለውን አለ፦ ጆሮ ይሄን ሁሉ ተራ አይከታተልም። መስመሮቹ ሲበዙና ሲጠላለፉ የሚሰማው ክምር ድምፅ ነው። ክምር ከሆነ ደግሞ ለምን በክምርነቱ አንጽፈውም? አንዷን ኖታ ትተን ብዛቷን፣ ጥቅጥቅታዋን፣ አማካይ ፍጥነቷን ለምን አንወስንም?

ይሄ ነው የእሱ ዋና ሐሳብ። በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲወርድ አስቡ። አንዷ ጠብታ መቼና የት እንዳረፈች ማንም አይነግራችሁም፣ ማንም አይጨነቅበትም። ግን ዝናቡ እየበረታ ነው ወይስ እያባራ ነው፣ ከየት በኩል እየመጣ ነው፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ታውቃላችሁ። ክምሩ የራሱ መልክ አለው። ዜናኪስ ራሱ በጠንካራ ነገር ላይ የሚወርድ በረዶና ዝናብን፣ በበጋ ሜዳ ላይ የሚጮሁ ነፍሳትን ነው በምሳሌነት የሚያነሳው። ከእነሱ ቀጥሎ ነው ያ የሰልፉ ታሪክ የሚመጣው።

እንዲህ ያለውን ነገር በቁጥር የሚይዝ ሳይንስ ደግሞ ነበረ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማክስዌልና ቦልትዝማን የሚባሉ ሁለት ፊዚክስ ሊቆች ስለ ጋዝ ያስቡ ነበር። አንድ ጠርሙስ አየር ውስጥ ያሉት ሞለኪውሎች ሊቆጠሩ አይችሉም፤ እያንዳንዱ በየራሱ ፍጥነት ይሮጣል፣ ይጋጫል። አንዱን ነጥሎ መከተል ከንቱ ነው። ግን ስንት እጁ ቀስ ይላል፣ ስንት እጁ መካከለኛ ነው፣ ስንት እጁ ይፈጥናል የሚለው በፕሮባቢሊቲ ይታወቃል። ሙቀት የምንለው ነገር ከዚህ አማካይ ነው የሚመጣው። ዜናኪስ ሞለኪውሉን አውጥቶ በቦታው ቫዮሊን ተጫዋች አስገባ። በቃ፣ ፍልስፍናው ይሄው ነው።

በተግባር እንየው። መጀመሪያ ስሙን ያወጣው ሥራ «ሜታስታሲስ» ነው፣ በ1953 እና 54 የተጻፈ። 61 ሙዚቀኞች አሉት። በተለመደ ኦርኬስትራ አሥራ ሁለት ቫዮሊን ቢኖር አሥራ ሁለቱም አንድ ኖታ አብረው ይጫወታሉ። እዚህ ግን ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ወረቀት አለው። ሲጀመር ባለ አውታሮቹ አንድ ኖታ ላይ ናቸው፤ ሶል ነው። ከዚያ ቀስ እያሉ መንሸራተት ይጀምራሉ። ግሊሳንዶ ይባላል፤ ጣት ከአውታሩ ሳይነሳ ድምፁ ይወጣል ወይም ይወርዳል። 46ቱ በ46 የተለያየ አቅጣጫና ፍጥነት ይሄዳሉ። ያ ቀጭን የነበረ ድምፅ ይሰፋል፣ ይሰፋል፣ ጆሯችሁን ይሞላዋል። ማንን ልከተል ብትሉ አትችሉም። የምትሰሙት የሚከፈት ነገር ነው።

ይሄን ሲጽፍ በኖታ አልጀመረም። መሐንዲስ ነውና በሚሊሜትር ወረቀት ላይ ሣለው። ወደ ጎን ጊዜ፣ ወደ ላይ የድምፅ ከፍታ። አንድ የሚንሸራተት ቫዮሊን አንድ ቀጥ ያለ ሰያፍ መስመር ነው። መስመሮቹን ከተለያየ ነጥብ ተነስተው እንዲሻገሩ ሲያደርጋቸው፣ ሁሉም ቀጥ ያሉ ሆነው ሳለ ዓይን የሚያየው የታጠፈ ቅርፅ ሆነ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ኖታ የገለበጠው። በ1955 ጀርመን ውስጥ ዶናውኤሺንገን ላይ ሃንስ ሮስባውድ መራው፣ አዳራሹም ተንጫጫ። የሴሪያል ሰዎቹም አልወደዱለትም፤ ገና ስህተታችሁ ይሄ ነው ብሎ የጻፈባቸው ሰው ነዋ።

አሁን ወደ አርክቴክቸሩ። ፊሊፕስ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በ1958ቱ የብራስልስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ ድንኳን መሰል ሕንፃ እንዲሠራለት ለ ኮርቡዚየን ጠየቀ። ለ ኮርቡዚየ ያን ጊዜ ሕንድ ውስጥ ቻንዲጋርህ የምትባል ከተማ እየሠራ ስለነበር ሥራውን ለዜናኪስ ሰጠው። ዜናኪስ ምን አደረገ? የሜታስታሲስን ሥዕል አውጥቶ ወደ ሕንፃ ቀየረው። የተሻገሩ ቀጥ ያሉ መስመሮች የታጠፈ ግድግዳ ይሰጣሉ፤ በሒሳብ ሃይፐርቦሊክ ፓራቦሎይድ ይባላል። ኮርቻ የሚመስል ቅርፅ ነው። ለመሐንዲስ ጥቅሙ ግልፅ ነው፤ ግድግዳው ቢታጠፍም የሚሠራው ከቀጥተኛ ነገር ነው፣ ስስ ሆኖም ራሱን ይሸከማል። ሦስት ሹል ጫፍ ያለው፣ አንድም ቀጥ ያለ ግድግዳ የሌለው አስገራሚ ነገር ወጣ። ውስጡ በመቶዎች የሚቆጠሩ ድምፅ ማጉያዎች ተተከሉ፤ የኤድጋር ቫሬዝ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ግድግዳው ላይ እየዞረ ይሰማ ነበር።

ሕዝቡ ሲገባና ሲወጣ የሚሰማውን አጭር ሥራ የጻፈው ግን ራሱ ዜናኪስ ነው። «ኮንክሬ ፒ ኤች» ይባላል፣ ሦስት ደቂቃ አይሞላም። የተሠራው ከሚነድ ከሰል ነው። ከሰል ሲቀጣጠል ጠሽ ጠሽ የሚለውን ቀዳ፣ ያችን ጠሽታ በትናንሹ ቆራረጠ፣ በብዙ እጥፍ ደራረበ። የሚወጣው ብርጭቆ እየደቀቀ የሚወርድ የሚመስል ነገር ነው። ዛሬ ማንም ልጅ በላፕቶፕ የሚሠራው ነው ትሉ ይሆናል። ያን ጊዜ ሥራው በመቀስና በቴፕ ነበር።

የሕንፃው ነገር ግን ጠብ አስነሳ። ለ ኮርቡዚየ መጀመሪያ የዜናኪስን ስም ሊያወጣ አልፈለገም፤ ከቢሮዬ የሚወጣ ሁሉ የእኔ ነው ባይ ነበር። ዜናኪስ ተከራክሮ ስሙን አስገባ። በ1959 ሕንፃው ፈረሰ፣ ዜናኪስም በዚያው ዓመት ከቢሮው ተሰናበተ። በእኔ ግምት ለ ኮርቡዚየ ሳያውቅ ለሙዚቃው ዓለም ውለታ ዋለ። ከሊዮን ወጣ ብሎ ላ ቱሬት የሚባለውን ገዳም ያየ ግን ዜናኪስ ለቢሮው ምን እንደሠራ ይረዳል። የመስኮቶቹ ቋሚ አርማታዎች አንዳንድ ቦታ ይጠጋጋሉ፣ አንዳንድ ቦታ ይራራቃሉ። በኮሪደሩ ስትሄዱ ብርሃኑ ምት ይሠራል።

ወደ ፕሮባቢሊቲው እንመለስ። «ፒቶፕራክታ» የሚባለው ሥራ፣ በ1955 እና 56 የተጻፈው፣ የጋዙን ሐሳብ በቀጥታ የወሰደ ነው። ሲጀመር ሙዚቀኞቹ አውታሩን አይነኩትም። የቫዮሊኑንና የቼሎውን እንጨት በእጃቸው ይመታሉ። ጠብ፣ ጠብጠብ፣ ጠብ። መጀመሪያ እዚህም እዚያም፣ ከዚያ እየጠቀጠቀ ይሄዳል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ አውታሮቹን በጣት እየነጠሩ ወዲያው ያንሸራትታሉ፤ ከሃያ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ከሺህ በላይ ትንንሽ ግሊሳንዶ ያልፋል፣ ፍጥነታቸው ሁሉ በስሌት የወጣ። ዜናኪስ አንድ በአንድ በወረቀት ላይ ነጥቦ ሣላቸው። ሥዕሉን ብታዩት የተናደደ ንብ መንጋ ይመስላል፤ ስታዳምጡት ደግሞ ያ በጥይት የተበተነው ሰልፍ ነው። ቢያንስ እኔ ሌላ ነገር አይሰማኝም።

ቀጥሎ የመጣው «አኾሪፕሲስ» ነው፣ 1956 እና 57። ይሄኛውን በቁጥር ላሳያችሁ፣ ምክንያቱም ቀመር ሙዚቃ የሚሆንበት ቦታ በደንብ የሚታየው እዚህ ነው። ሠንጠረዥ አስቡ። ወደ ጎን 28 ሳጥን፣ ወደ ታች 7 ረድፍ፣ ጠቅላላ 196። እያንዳንዱ ረድፍ አንድ የድምፅ ዓይነት ነው፤ አንዱ የናስ መሣሪያዎች፣ አንዱ ከበሮ ነክ፣ አንዱ በቅስት የሚጫወት ቫዮሊን፣ አንዱ በጣት የሚነጠር፣ አንዱ የሚንሸራተት እያለ ይሄዳል። እያንዳንዱ ሳጥን 15 ሴኮንድ ነው፤ ሥራው ሰባት ደቂቃ ይሆናል ማለት ነው። አሁን በአማካይ ለአንድ ሳጥን 0.6 ክስተት ይድረሰው እንበል። ስንት ሳጥን ባዶ ይሁን? ስንቱ አንድ ይያዝ? ስንቱ ሁለት?

መልሱን የሚሰጠው ፑዋሶን የሚባል ፈረንሳዊ የቀመረው ስሌት ነው። አልፎ አልፎ ብቻ የሚከሰት ነገር እንዴት እንደሚሰራጭ ይናገራል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በፕሩሲያ ጦር ውስጥ በፈረስ ርግጫ የሚሞቱ ወታደሮችን ቁጥር ለመመርመር ተጠቅመውበታል። ለዜናኪስ ሠንጠረዥ ሲሰላ 107 ሳጥን ባዶ፣ 65 ሳጥን አንድ፣ 19 ሳጥን ሁለት፣ 4 ሳጥን ሦስት፣ 1 ሳጥን ደግሞ አራት ይሰጣል። ደምሩት፣ 196 ይመጣል። ከግማሽ በላይ ዝምታ፣ አንዲት ብቻ ሳጥን ውስጥ ደግሞ እስከ ጥግ የታጨቀ ድምፅ። ሙዚቃውን ስትሰሙ ያ ሁሉ ባዶነት ይሰማችኋል። ሳሳ ይላል፣ ይጠፋል፣ ከዚያ ሳታስቡት ከየት እንደመጣ የማታውቁት ነገር ይፈነዳል።

እንግዲህ ሁሉም የሚጠይቀው እዚህ ነው። ታዲያ ደራሲው ማን ነው? ቀመሩ አይደለም ወይ?

አይደለም። ቀመሩ ስንት ሳጥን ባዶ ይሆናል ብቻ ነው የሚለው። አማካዩ 0.6 ይሁን ብሎ የወሰነው ሰው ነው። ሰባቱን ድምፆች የመረጠው ሰው ነው። በውስጥ የሚገቡትን ኖታዎች ለማውጣትም ሌላ ቀመር፣ ሌላ ውሳኔ አለ። ደግሞም ሥራዎቹን ከስሌቶቹ ጋር ያስተያዩ ተመራማሪዎች ያገኙት አንድ ደስ የሚል ነገር አለ፦ ብዙ ቦታ ኖታዎቹ ከስሌቱ ጋር አይገጥሙም። ጆሮው ያልወደደውን እያነሳ፣ እየገፋ፣ እየጨመረ ሄዷል። ለቀመሩ ታማኝ ባለመሆኑ የሚከሱት አሉ። ለእኔ ግን ሙዚቀኛ መሆኑን ያረጋገጠልኝ እሱ ነው።

ይሄን ሁሉ በእጅ ማስላት ያደክማል። በ1962 ፓሪስ ያለው አይ ቢ ኤም ኩባንያ 7090 የሚባለውን ትልቅ ኮምፒውተሩን እንዲጠቀም ፈቀደለት። ከማሽኑ የወጣው የቁጥር ክምር ወደ ኖታ ተገልብጦ ብዙ ሥራዎች ሆነ። የአንዱ ስም እንዲህ ነው፦ «ኤስቲ/10-1, 080262»። ለአሥር ተጫዋቾች የተጻፈ አንደኛ ሥራ፣ ስሌቱ ፌብሯሪ 8 ቀን 1962 የተሠራ። የመጋዘን ዕቃ ነው የሚመስለው፣ ስም አወጣጥ ላይ እንኳ አልተጨነቀም።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን ሰፊ ነው፤ ሁሉን ልዘርዝር ብል አያልቅም። አንዱ የሚያስደስተኝ መንገድ ድምፅን ቦታ ላይ መበተኑ ነው። በ1966 «ተርተክቶር» በተባለው ሥራ ወደ ዘጠና የሚጠጉ ሙዚቀኞችን ከመድረክ አውርዶ በተመልካቹ መሐል አስቀመጣቸው። ትሮምቦን ጆሮህ ሥር፣ ቫዮሊን ከኋላህ። በ1969 «ፐርሰፋሳ» ውስጥ ስድስት ከበሮ መቺዎች ሕዝቡን ከበው ይቆማሉ። መጨረሻው ላይ ምቱ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተወረወረ አዳራሹን ይዞራል፣ እየፈጠነ፣ እየፈጠነ፣ ጭንቅላት እስኪያዞር።

ፐርሰፋሳ መጀመሪያ የቀረበው ኢራን ውስጥ በሺራዝ ፌስቲቫል ነው። በ1971ም እዚያው በጥንታዊቷ ፐርሰፖሊስ ፍርስራሽ ላይ በቴፕ፣ በሌዘርና በችቦ ትልቅ የሌሊት ትርዒት ሠርቷል። ሞት የተፈረደበት ታጋይ በኢራኑ ንጉሥ በሻሁ ገንዘብ ምን ይሠራል? ብለው የጠየቁት ነበሩ፣ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ዜናኪስ በኋላ የመንግሥቱን የፖሊስ አፈና ምክንያት አድርጎ ከኢራን ጋር መሥራቱን አቆመ። ዘገየ ባይ ነኝ። በሌላ በኩል በ1967 ግሪክ ውስጥ መኮንኖች ሥልጣን ሲይዙ የጻፈው «ንዊ» የሚባል ለ12 ድምፅ የተሠራ መዝሙር አለ። ትርጉም ያለው ቃል የለውም፤ ከሱሜርና ከሌሎች የጥንት ቋንቋዎች የተለቀመ ሆሄ ብቻ ነው። መታሰቢያነቱ ለፖለቲካ እስረኞች ነው፤ አራቱን በስም ጠርቶ ስማቸው ለጠፋውም በሺህ የሚቆጠሩ እስረኞች ጨምሮ ሰጠ። ሙሾ ነው። የዜናኪስ ሙዚቃ ስሜት የለውም የሚል ሰው ይሄን አልሰማም።

መኮንኖቹ በ1974 ወደቁ፣ ፍርዱም ተነሳ። ከ27 ዓመት በኋላ አገሩ ገባ። በ1978 በጥንታዊቷ ሚኬና ኮረብታ ላይ የሌሊት ትርዒት አቀረበ። መብራት፣ እሳት፣ መዘምራን፣ ደግሞም ደወልና መብራት የታሰረላቸው ፍየሎች በተራራው ላይ ይሄዱ ነበር። ፍየሎቹን በስሌት አልነዳቸውም መሰለኝ።

እዚያ ከቀረቡት አንዱ «ሚኬን አልፋ» ነው፣ ዩፒክ በሚባል መሣሪያ የተሠራ የመጀመሪያው ሥራ። ዩፒክ የእሱ ፈጠራ ነው። የአርክቴክት ጠረጴዛ የሚያህል ሰሌዳ ላይ በኤሌክትሪክ ብዕር ትሥላላችሁ፣ ኮምፒውተሩ ሥዕሉን ወደ ድምፅ ይቀይረዋል። ወደ ጎን ጊዜ፣ ወደ ላይ ከፍታ። ያው የሜታስታሲስ ሚሊሜትር ወረቀት ነው፣ አሁን ግን መሐሉ ላይ ኖታም ኦርኬስትራም የለም። ዛፍ ከሣላችሁ ዛፉን ትሰሙታላችሁ። ኖታ የማያነቡ ልጆች ሳይቀሩ ተቀምጠው ሠርተውበታል፤ ዜናኪስም የሚፈልገው ያንን ነበር።

በስተርጅና ደግሞ ወደ መጀመሪያ ሐሳቡ ተመልሶ እስከ መጨረሻው ገፋው። በ1991 የወጣው «ጀንዲ 3» ላይ ፕሮባቢሊቲ የሚወስነው ኖታ ሳይሆን የድምፁን ሞገድ ራሱን ነው፤ ፕሮግራሙን ጽፎ ለቀቀው፣ ማሽኑ ሙዚቃውን አመጣ። በ1997 የመጨረሻ ሥራውን ሲጽፍ ታሞ ነበር። ፓሪስ ውስጥ ፌብሯሪ 4 ቀን 2001 አረፈ።

መስማት ለምትፈልጉ፣ በሜታስታሲስ አትጀምሩ ባይ ነኝ። በከበሮዎቹ ጀምሩ፤ «ረቦን» የሚባለውን፣ በተለይ ሁለተኛውን ክፍል። አንድ ሰው ብቻውን የሚመታው ነው፣ ምት ስላለው እግራችሁ ሳታውቁት ይከተላል፣ ሒሳቡም ትዝ አይላችሁም። ዩቲዩብ ላይ ተጫዋቹን እያያችሁ ቢሆን ይመረጣል። ከዚያ ኮንክሬ ፒ ኤች፣ በጆሮ ማዳመጫ። ከዚያ ፒቶፕራክታ። እነዚህን ከለመዳችሁ በ1977 ለ109 ሙዚቀኞች ወደተጻፈው «ዮንሼ» ግቡ፤ የዜናኪስ ትልቁ ድምፅ እዚያ ነው። ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ ነው የሚሰማው፤ እኩለ ሌሊት ላይ ግን አትክፈቱት፣ ጎረቤት ፖሊስ ይጠራባችኋል።